ስኮኑን ወደድነው፣ ለባዶ ስኒ መክፈሉን ግን አልወደድነውም

ሒሳቡ ላይ «ተጨማሪ ስኒ፣ 1.50 ፓውንድ» የሚል መስመር ሳይ ደሜ ፈላ። ሻይ አይደለም። ስኒ ነው። ባዶ ስኒ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እማዬ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ መጥታ ነበር። «ጃንሆይ በስደት የኖሩበትን ቤት ሳላይማ አልመለስም» ስላለች እንግሊዝ አገር ያለችው ባዝ ከተማ ይዣት ሄድኩ። እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1940 የኖሩበት ፌርፊልድ ሃውስ እዚያ ነው። በነጋታው ደግሞ ከባዝ ብዙም ወደማይርቀው ላኮክ ወደሚባል የገጠር መንደር ጎራ አልን። ይሄ ሒሳብ የመጣብን ሻይ ቤት እዚያው አካባቢ ነው። ስሙን አልጽፈውም፤ ጋጋሪዋን ማስቀየም አልፈልግም። ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ ትረዱኛላችሁ።

መጀመሪያ ግን መንደሩን ላንሳው፤ ያለ እሱ ንዴቴ አይገባችሁም። ላኮክ ጸጥ ያለ ነው። እማዬ ገና ከመድረሳችን አንድ አሮጌ ቤት አጠገብ ቆመች። የቤቱ የእንጨት አጽም ወደ ውጭ ይታያል፤ መሃል መሃሉ ተመርጎ በኖራ ተለስኗል። በእጇ ዳበስ አደረገችውና «ይሄማ የኛው ጭቃ ቤት ነው!» አለች። ትንሽ አለፍ ብሎ ቤተ ክርስቲያን አለ። ቅዱስ ሲሪያክ ይባላል ስላት «የኛው ቂርቆስ ይሆን እንዴ?» ብላ ደጁን ተሳለመች።

ትልቁ የሚታይ ነገር ገዳሙ ነው። እ.ኤ.አ. በ1232 ኤላ የምትባል የሶልዝበሪ መስፍን መበለት ለሴቶች መነኮሳት ያቆመችው ነው። የእንግሊዙ ንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ ገዳማቱን ሲዘጋ ይሄኛውም በ1539 ተዘጋና የባላባት መኖሪያ ሆነ። በኋላ እዚያ የኖረው ፎክስ ታልቦት በ1835 በትንሽ የእንጨት ካሜራ አንዱን የቤቱን መስኮት አነሳ። ከቴምብር ብዙ የማይበልጥ ምስል ነው። ዛሬ ድረስ ከተረፉት የፎቶ ኔጋቲቮች ሁሉ ቀዳሚው እሱ ነው። መስኮቱ አሁንም እንዳለ ነው። እማዬ በስልኳ አነሳችውና ወዲያው ለእህቶቼ ላከችላቸው። እ.ኤ.አ. በ1944 የገዳሙ ባለቤት የነበረችው ሴት ገዳሙንም አብዛኛውን መንደርም ናሽናል ትረስት ለሚባለው ቅርስ ጠባቂ ድርጅት ሰጠች። መንደሩ እንዲህ ሳይነካካ የቆየው ለዚህ ነው።

ከዚያ በእግር ወጣን። ከመንደሩ ዳር መኪና ውሃውን እየሰነጠቀ የሚያልፍበት ጅረት አለ፤ ለእግረኛ ደግሞ ከጎኑ ትንሽ የድንጋይ ድልድይ ተሠርቶለታል። እሱን ተሻግራችሁ ዳገቱን ከወጣችሁ በኋላ መስክ ለመስክ ሬይብሪጅ ወደምትባል ትንሽ ሰፈር ትደርሳላችሁ። ኤቨን ወንዝ ላይ ያረጀ የድንጋይ ድልድይ አላት። ግንቦት ስለነበር ሳሩ እስከ ጉልበት ደርሷል፤ ጭቃው ግን አልደረቀም። እማዬ የእርሻው በር ላይ ቆመችና «ሰው እርሻ ውስጥ ዝም ብለን ልንገባ ነው?» አለችኝ። በሩ ላይ ያለውን ቢጫ ቀስት አሳየኋት። እዚህ አገር በግል እርሻ መሃል የሚያልፍ የሕዝብ የእግር መንገድ አለ። የመሬቱ ባለቤት ሊዘጋው አይችልም። ከናንተ የሚጠበቀው በሩን መልሳችሁ መዝጋትና ከብቱን አለመረበሽ ነው። ሳንቲም አትከፍሉም፤ ማን ናችሁ የሚላችሁም የለም።

ስንመለስ አንድ ቤት መስኮት ሥር የማርማላታ ጠርሙሶች ተደርድረው አየን። ሻጭ የለም። አጠገባቸው የሳንቲም ማስቀመጫ ቆርቆሮ አለ። ከፍላችሁ ታነሳላችሁ፣ በቃ። እማዬ ሳንቲሙን ስትጨምር ፊቷ በርቶ ነበር። «እዚህ አገር ሰው ይተማመናል» አለች።

በዚህ ስሜት ነው ሻይ ቤቱ የገባነው።

ምሳችንን በልተን ስለነበር አንድ የክሬም ሻይ አዘዝን፤ 9.80 ፓውንድ ነው። አንዱ ትዕዛዝ ሁለት ስኮን (ትንንሽ የእንግሊዝ ዳቦ ነው)፣ ክሬም፣ የእንጆሪ ማርማላታና አንድ በራድ ሻይ አለው። ለሁለት ሰው ይበቃል። አስተናጋጇ ማስታወሻዋ ላይ መጻፏን አቆመች። እማዬን ዞር ብላም ሳታያት፣ ለእኔ ብቻ «እሷም ማዘዝ አለባት» አለችኝ። «አብረን ነው የምንበላው» አልኳት። «በሰው አንድ ነው ደንቡ» አለች። እማዬ እንግሊዝኛ ትሰማለች። ምንም አልተናገረችም። ወንበሩ ላይ አድርጋው የነበረውን ነጠላ አንስታ ትከሻዋ ላይ መለሰችው። እናቱን የሚያውቅ ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። እንሂድ ማለት ነው።

የከነከነኝ ብሩ አይደለም። አዲስ አበባ ኬክ ቤት ገብታችሁ አንድ ኬክ ለሁለት ብትሉ ሁለት ሹካ ይመጣል፣ አለቀ። ባዝ ላይ የገባንበት ሻይ ቤት እንኳ፣ ያውም ከዚህ የሚወደድ ሆኖ፣ ሳንጠይቅ ሁለተኛ ስኒ ነው ያመጣልን። እዚህ ግን ገበሬው እርሻውን በነፃ ያስረግጣችኋል፣ ባለ ማርማላታዋ ሳታያችሁ ታምናችኋለች፣ ሻይ ቤቱ ስኒ ይቆጥርባችኋል። እኔ ይሄን ማስታረቅ አልቻልኩም።

ለእማዬ ስል ነገሩን ማክረር አልፈለግሁም። አንድ ቁራሽ የሎሚ ኬክ ጨመርኩ፤ 4.75። ደረቅ ነበር። ሌላ የምለው የለኝም።

ስኮኑ ሲመጣ ግን ነገር ተለወጠ።

ከምድጃ የወጣው ያኔ ነው። በቢላ አልነካነውም፤ በእጅ ሲከፈት መሃሉ ላይ ለሁለት ተገመሰና እንፋሎቱ ወጣ። ላዩ በስሱ ጠንከር ያለ ነው፤ ውስጡ ለስላሳ። ቅቤው ይሸታል እንጂ እጅ ላይ አይቀርም። ስኳሩ ትንሽ ነው፤ ጣፋጩን ለማርማላታው ትተውለታል። ከዚህ በፊት ለንደን ውስጥ የበላሁት ስኮን ሁሉ ጉሮሮ ላይ የሚቆም ነበር። ይሄ ሻይ ሳያስፈልገው ይወርዳል።

ክሬሙስ! ክሎትድ ክሬም ይሉታል። ቀስ ባለ እሳት ብዙ ሰዓት ስለሚቆይ ስቡ ወደ ላይ ይወጣና ቢጫ ቅርፊት ይሠራል። ኮርንዎል በሚባለው የእንግሊዝ ክፍል የሚሠራው ቢያንስ 55 በመቶ ስብ መሆን አለበት። በማንኪያ ሲነሳ አይፈስም፤ ይቆረሳል። በዓለ ሃምሳ ስለነበር የጾም ነገርም አላሳሰበንም። ኮርንዎሎች ማርማላታው ይቅደም ይላሉ፣ ጎረቤቶቻቸው ዴቨኖች ክሬሙ። እማዬ ማንንም ሳትጠይቅ ክሬሙን እንደ ቅቤ ቀባችና ማርማላታውን ከላይ ጠብ አደረገች። አንዴ ጎረሰች። ከዚያ ነጠላውን ከትከሻዋ አወረደችው። «ማነው የጋገረው? እጇ ይባረክ» አለች። ሻዩ ቀረፋና ቅርንፉድ ጎድሎታል አለች እንጂ ስኮኑ ላይ አንድ ቃል አልወጣትም።

እውነቱን ለመናገር እዚያ ላይ ይቅር ብያቸው ነበር። ቢበዛ «አስተናጋጇ ደከም ብሏት ይሆናል» ብዬ አምስት ኮከብ ልሰጥ ነበር።

ከዚያ ሒሳቡ መጣ። ኬኩን በግድ አዝዘን፣ ስኒውም ለብቻው ተቆጥሯል። በላዩ ላይ 12.5 በመቶ የመስተንግዶ ተብሎ ተጨምሮ 18.06 ፓውንድ ገባ። የቱ መስተንግዶ?

ስጠይቅ ጋጋሪዋ እራሷ ከጓዳ ወጣች፤ ክንዷ ላይ ዱቄት አለ። ከአስተናጋጇ በጣም ትሻላለች። ቁጭ ብላ ለእማዬ አስረዳቻት፣ ለእማዬ። ጠረጴዛው ጥቂት ነው፤ ሰው ከአስጎብኚ አውቶቡስ እየወረደ አንድ ሻይ ለአራት ይዞ ከሰዓቱን ሙሉ ይቀመጣል፤ ኪራዩም መብራቱም ጨምሯል። ገባኝ። ትንሽ ቤት እንዴት እንደሚያዝ አውቃለሁ። ግን እንዲያ ከሆነ ደንቡን በር ላይ ጻፉት። ሰው ከመቀመጡ በፊት ያንብብና ይወስን። ኬክ ያዘዘንስ ሰው ስኒ ለምን ታስከፍሉታላችሁ? ለዚህ መልስ አልነበራትም። ሒሳቡም አልተቀነሰም። የ12.5 በመቶውን የመክፈል ግዴታ ስለሌለብኝ አስነሣሁትና ሁለት ፓውንድ በእጇ ለጋጋሪዋ ሰጠኋት።

እማዬ ስትወጣ እጇን ጨብጣ አመሰገነቻት። አስተናጋጇን ግን ቀና ብላም አላየቻት።

ለስኮኑ አምስት ከአምስት። ለኬኩ ሁለት። ለመስተንግዶው አንድ፤ እሱም በጋጋሪዋ ምክንያት ነው። ላኮክን ግን እንዳትዘሉት፤ ለመንደሩና ለመስኩ ብቻ ብትሄዱም አይቆጫችሁም። ስኮኑን በካርቶን አድርገው ይሰጣሉ፤ ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት ጠይቁ፣ በኋላ ያልቃል። ሻያችሁን በፔርሙስ ከቤት ያዙና ሬይብሪጅ ድልድዩ አጠገብ ሳሩ ላይ ብሉት። ጭቃ የሚችል ጫማ አድርጉ።