ከእንግሊዛዊው ደራሲ ጆርጅ ኦርዌል መጻሕፍት የቱን ላስቀድም?

ደብረ ማርቆስ ቡና እየጠጣን ታናሽ ወንድሜ ነው የጠየቀኝ።

«አኒማል ፋርም» (እ.ኤ.አ. 1945) አጭር ነው፤ በአንድ ቅዳሜ ያልቃል። ሰሙ እንስሳት፣ ወርቁ የስታሊን ሶቪየት። የዋሸራን ቅኔ እየሰማ ላደገ ጎጃሜ ይሄ አይከብድም። ጉልበተኛው ፈረስ ቦክሰር ሲደክም ለአራጅ መሸጡ ግን አንጀት ይበላል።

«1984» (እ.ኤ.አ. 1949) ፊት ለፊት ይናገራል። ዋናው ገጸ ባሕርይ ዊንስተን የሚሠራው በአምባገነኑ መንግሥት «የእውነት ሚኒስቴር» ነው፤ የቆየ ጋዜጣ እየቀየረ ትናንትን ያርማል። የድሮው ቅጂ በግድግዳ ቀዳዳ ገብቶ ይቃጠላል። የመንግሥቱ አዲስ ቋንቋ መዝገበ ቃላትም በየእትሙ ይቀጥናል፤ ቃሉ ከሌለ ሐሳቡም አይኖርም ተብሎ። ቅኔ ለሚወድ ሰው ቤት ውስጥ ሆኖ ሰውን ከሚሰልለው ስክሪን፣ ከቴሌስክሪን ይልቅ የሚያስፈራው ይሄ ነው። (መሃል ላይ ያለው ረጅም ትንታኔ ያሰለቻል። መጀመሪያ ሳነበው ዘልዬዋለሁ።)

እኔ «1984»ን አልኩት። እሱ አጭሩን ይዞ ወጣ፤ ሰኞ ፈተና አለበት።