ሪቪት ማክ ላይ፦ ፓራለልስ፣ ቡትካምፕ ወይስ ዊንዶውስ ላፕቶፕ? ድሬ ላላችሁ

"ማክ ልገዛ ነው፣ ሪቪት ይሰራልኛል?" አሁን አሁን ይሄን የማይጠይቀኝ ሰው የለም። ሪቪት የኦቶዴስክ የህንፃ ዲዛይን ፕሮግራም ነው፣ የሚወጣው ለዊንዶውስ ብቻ ነው። ካምፓስ ያለው ይጠይቃል፣ ቢሮ የከፈተው ይጠይቃል፣ ባለፈው ደግሞ አብሮኝ የሚሰራ ልጅ ሳይጠይቅ ሄዶ አንድ ሱቅ "ይሄ እኮ ዊንዶውስም ይጭናል፣ ሁለት በአንድ ነው" ብለው የ2019 ኢንቴል ማክቡክ ፕሮ አሸክመውት መጣ። ስለዚ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

ለቸኮለ መልሱን ከፊት ላስቀምጠው። የኔ ምርጫ ኤም ቺፕ (አፕል ራሱ የሚሰራው) ያለው ማክ ነው፣ ራሙ ከ16 ጊጋ የማያንስ፣ ላዩ ላይ ፓራለልስ፣ ማለት ማክ ውስጥ ዊንዶውስ የሚከፍተው ፕሮግራም። ኢንቴል ማክ በቡትካምፕ (ማኩን በቀጥታ በዊንዶውስ የሚያስነሳው የአፕል መንገድ) የሚባለውን በነጻ ካልሰጧችሁ አትንኩት። እንጀራችሁ ሉሚየን (ዲዛይኑን እንደ ፎቶ የሚያወጣ የሬንደር ፕሮግራም) ከሆነ ግን ማክ የሚባለውን እርሱትና ያገለገለ ዊንዶውስ ወርክስቴሽን፣ ማለት ለከባድ ስራ የተሰራ ላፕቶፕ ግዙ። አዎ አዳልቻለሁ፣ ለምን እንደሆነ ከታች ታዩታላችሁ።

መጀመሪያ ሻጮቹ የማይነግሯችሁ ነገር። አፕል ከ2020 ህዳር ጀምሮ የራሱን ኤም1 ቺፕ ሲያስገባ ቡትካምፕ ቀረ። ኤም ቺፕ ባለው ማክ ላይ ዊንዶውስን እንደ ድሮው ዲስኩን ለሁለት ከፍላችሁ መጫን አትችሉም፣ ያላችሁ መንገድ ቨርቿል ማሽን ነው፣ ማለት ማክ ኦኤስ ውስጥ እንደ አንድ ፕሮግራም ዊንዶውስ ይከፈታል። የሚከፈተውም ለአርም ቺፕ የተሰራው ዊንዶውስ 11 ነው። ሪቪት ደግሞ ለአርም አልተጻፈም፣ ለኢንቴልና ለኤኤምዲ ነው የተጻፈው፣ ስለዚ ዊንዶውሱ ለኢንቴል የተጻፈውን ለአርም እየተረጎመ ነው የሚያስኬደው። ይሄ ሁሉ ታልፎ ይሰራል፣ እኔም በየቀኑ እሰራበታለሁ፣ ግን ኦቶዴስክ "በዚህ መንገድ ተጠቀሙ" ብሎ ፈርሞ አልሰጠም፣ ችግር ቢመጣ ሰፖርት ደውዬ ልጠይቅ ማለት የለም።

አሁን ወደ ብሩ እንግባ፣ ዋናው እሱ ነው። ዶላሩን ለሂሳብ እንዲመች በ150 ብር ያዙት።

ፓራለልስ ስታንዳርዱ በዓመት ወደ 100 ዶላር ነው፣ 15 ሺህ ብር። ፕሮው ወደ 120፣ ማለት 18 ሺህ። አንዴ ተከፍሎ የሚያልቀው ስታንዳርድ ደግሞ ወደ 220 ዶላር ነው፣ 33 ሺህ። ቶሎ ብላችሁ "አንዴ ከፍዬ ልረፍ" አትበሉ፣ እሱ የሚሰጣችሁ የገዛችሁትን ቨርዥን ብቻ ነው፣ ማክ ኦኤስ በየዓመቱ ሲቀየር እሱ ባለበት ይቀራል፣ አፕዴት ለማድረግ እንደገና ክፈል ትባላላችሁ። ግን ማክ ኦኤሱን ካልነካችሁት ለ3 ዓመት በደንብ ያሰራል፣ በዓመታዊው 3 ዓመት ብትከፍሉ 45 ሺህ ነው፣ 12 ሺህ ብር ልዩነት አለው። እንደ ሰዉ ነው፣ አፕዴት የሚል ነገር ሲያይ እጁን የሚበላው ሰው ዓመታዊውን ይያዝ።

ፕሮውን ግን ዝም ብላችሁ አትግዙ። ስታንዳርዱ ለዊንዶውሱ ከ8 ጊጋ ራምና ከ4 ኮር በላይ አይሰጥም፣ ሰዉ ይሄን አንብቦ ይደነግጥና ፕሮ ይገዛል። አቦ፣ ማካችሁ 16 ጊጋ ከሆነ እኮ ድሮም ከ8 በላይ ለዊንዶውስ መስጠት አያዋጣም፣ ማኩ ራሱ መተንፈስ አለበት። ፕሮ የሚያስፈልገው 24 ወይ 32 ጊጋ ላለው ነው። ያቺን 3 ሺህ ብር ማውስ ግዙባት፣ ወላሂ በትራክፓድ ሪቪት መስራት ቅጣት ነው፣ ፓን የሚደረገው (ድሮይንጉን የምታንሸራትቱት) በማውሱ መሀለኛ ጎማ ነው።

ሌላ የሚረሳ ወጪ የዊንዶውሱ ላይሰንስ ነው። ፓራለልስ ዊንዶውስን አውርዶ ይጭንላችኋል እንጂ ላይሰንስ አይሰጥም፣ ሆሙ 139 ዶላር ነው፣ ወደ 21 ሺህ ብር። ክፍያው ደግሞ በውጭ ካርድ ነው፣ ጅቡቲ ወይ ጅዳ ያለ ዘመድ እዚህ ጋ ነው የሚጠቅመው። ተማሪ ከሆናችሁ ፓራለልስ የተማሪ ቅናሽ አለው፣ ኦቶዴስክም የትምህርት ላይሰንስ ለ1 ዓመት በነጻ ይሰጣል፣ ይታደሳልም፣ ካምፓስ እያላችሁ ተጠቀሙበት።

"ታዲያ ክራኩን ከቴሌግራም አላወርድም?" የሚል አለ። አውቃለሁ። የማክ ክራኮች ብዙዎቹ የሚጠይቋችሁ የማኩን መከላከያ አጥፉ፣ ፓስዎርድ አስገቡ ነው፣ ማን እንደሰራው ለማይታወቅ ነገር የቤታችሁን ቁልፍ ሰጣችሁ ማለት ነው፣ ያ ማሽን ላይ ደግሞ የደንበኛ ድሮይንግ አለ፣ የባንክ አፕ አለ። ደሞ ለምን? እንደ ፓራለልስ ዊንዶውስ የሚከፍተው ቪኤምዌር ፊውዥን እኮ ከ2024 ህዳር ጀምሮ ለሁሉም ነጻ ነው፣ ለቢዝነስም ጭምር! ለማውረድ የባለቤቱ የብሮድኮም ድረገጽ ላይ አካውንት መክፈት አለባችሁ፣ ፎርሙ ይረዝማል፣ ታገሱ። ዊንዶውስ 11ን በደንብ ያስነሳል፣ 3ዲ ማጣደፊያም አለው። ለኢታብስ (የስትራክቸር ስሌት)፣ ለቀላል ሲቪል 3ዲ (የመንገድና የሳይት ዲዛይን) ስራ፣ ለ2ዲ ድሮይንግ እኔ ፊውዥንን በሙሉ ልቤ እላለሁ። ሪቪት ውስጥ 3ዲ ቪው ስታዞሩ ግን ፓራለልስ ይለሰልሳል፣ ቀኑን ሙሉ ለሚያዞር ሰው 15 ሺዋን ያወጣል። በሳምንት አንዴ ለሚከፍት ሰው አያወጣም፣ ፊውዥን ይበቃዋል።

ዩቲኤም የሚባለው ሌላው የቨርቿል ማሽን ፕሮግራምም ነጻ ነው፣ ግን ለዊንዶውስ የግራፊክስ ማጣደፊያ ስለሌለው ለሪቪት አይሆንም። አለፍኩት። ንጹህ አውቶካድ ብቻ ለምትሰሩ ደግሞ ይሄ ሁሉ ጣጣ አያስፈልግም፣ አውቶካድ የማክ ቨርዥን አለው፣ ከ2024ቱ ጀምሮ በኤም ቺፕ ላይ በቀጥታ ይሄዳል፣ አርኪካድና ስኬችአፕም እንደዛው።

እሺ ያ ልጅ የገዛው ኢንቴል ማክስ? በወረቀት ላይ ያምራል፣ ቡትካምፕ ስላለው ዊንዶውሱ ያለ ቨርቿል ማሽን በቀጥታ ነው የሚነሳው። ግን ቡትካምፕ የሚያውቀው ዊንዶውስ 10ን ነው፣ የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ደግሞ በኦክቶበር 14፣ 2025 አልቋል። ወደ 11 ላሳድግ ስትሉ ቲፒኤም (ዊንዶውስ 11 የሚፈልገው የደህንነት ቺፕ) የለም ይላችኋል፣ በማታለያ መንገድ ነው የሚጫነው። በማኩ በኩል ደግሞ አፕል ማክ ኦኤስ 26 ለኢንቴል የመጨረሻው ነው ብሏል፣ እሱንም የሚቀበሉት ጥቂት ሞዴሎች ናቸው፣ ከ2019ኞቹ ላፕቶፖች 16 ኢንቹ ብቻ ነው፣ 13ቱና 15ቱ አይገቡም። በሁለቱም በኩል በሩ ተዘግቷል ማለት ነው። ኪቦርዱን ደግሞ ካነሳሁ፣ ከ2015 እስከ 2019 የወጡት ብዙዎቹ ያ ቀጭኑ ቢራቢሮ ኪቦርድ ነው ያላቸው፣ አቧራ ሲገባ ፊደሉ ይያዛል ወይ ሁለቴ ይጽፋል። አቧራ! ድሬ! አፕል በነጻ ይጠግን ነበር፣ ግን ከተሸጠ 4 ዓመት ድረስ ነበር፣ ያ አልፏል። ኪቦርዱ ከላይኛው ገበታ ጋር የተያያዘ ስለሆነ አንድ ፊደል ለማስተካከል ገበታውን ከነባትሪው ነው የሚቀየረው፣ ለሱ የተጠየቀውን ብር ልጁ ሲነግረኝ ሌላ ላፕቶፕ የሚገዛ ነው የመሰለኝ።

ሙቀቱም አለ። አፕል ላፕቶፖቹን እስከ 35 ዲግሪ ባለ ቦታ ተጠቀሙ ነው የሚለው፣ ግንቦትና ሰኔ ላይ ከዚራ ጥላ ስር ቁጭ ብለህ እንኳን 35 ይደረሳል። ኢንቴሎቹ በዛ ሙቀት ፋናቸው እንደ ጄነሬተር ይጮሃል። ኤም ቺፖቹ ሙቀታቸው በጣም ያነሰ ነው፣ ማክቡክ ኤር ጭራሽ ፋን የለውም፣ አቧራ የሚስብበት ቀዳዳም የለውም፣ ግን ሲሞቅ ራሱን ያቀዘቅዛል፣ ማለት ስራው ይንቀረፈፋል። ለዛ ነው ለሪቪት ፋን ያለውን ማክቡክ ፕሮ የምመርጠው።

አሁን ዊንዶውስ ላፕቶፑ። እዚህ ጋ ሀቁን ልናገር፣ በብር ብቻ ከሆነ እሱ ያሸንፋል። ያገለገለ ዴል ፕሪሲዥን ወይ ኤችፒ ዜድቡክ ወይ ሌኖቮ ቲንክፓድ ፒ፣ እዚሁ ድሬ ታይዋን ገበያም ዞራችሁ አዲስ አበባም አስመጥታችሁ፣ ከ16 ጊጋ ማክ ባነሰ ታገኛላችሁ፣ ራሙን 32 ታደርጉታላችሁ፣ ኤስኤስዲው ሲሞላ ትቀይራላችሁ፣ ፓራለልስ የለ፣ ትርጉም የለ። ሉሚየን ቨርቿል ማሽን ላይ አይሄድም፣ ዲ5 ሬንደርም ሬይ ትሬሲንግ (የብርሃን ስሌት) የሚችል ግራፊክስ ካርድ ይፈልጋል፣ ለሱ ሰዎች ምርጫ የላቸውም። ሬንደር አልፎ አልፎ የምትሰሩ ከሆነ ግን ትዊንሞሽን የማክ ቨርዥን አለው፣ በዓመት ከ1 ሚሊዮን ዶላር በታች ለሚያስገባ ሰው ነጻ ነው (ሁላችንም እንገባለን መሰለኝ)፣ ከሪቪቱ ዳታስሚዝ በሚባለው ፕለጊን ኤክስፖርት ታደርጉና ማኩ ላይ ትከፍቱታላችሁ።

ታዲያ ለምን ማክ ትላለህ? መብራት። ወርክስቴሽኑ ቻርጀሩ ከ180 እስከ 240 ዋት ነው፣ ጡብ የሚያክል፣ ባትሪው ያገለገለ ነው፣ መብራት ሲጠፋ ሪቪት ከፍታችሁ ከሆነ ሴቭ ለማድረግ ነው የምትሯሯጡት። ኤም ቺፕ ማኩ ፓራለልስ ላይ ሆኖ እንኳን ከሰዓቱን ያስጨርሳል፣ ኤር ቻርጀሩ 30 ዋት ነው፣ ደህና የላፕቶፕ ፓወር ባንክ ይሞላዋል። ሳቢያን ሳይት ላይ ኮንትራክተሩ "ጋሼ ያቺን ደረጃ እስቲ አሳየኝ" ሲል ባጃጅ ውስጥ ከፍቼ አሳየዋለሁ። በወርክስቴሽን ሶኬት ፍለጋ ነው።

ለመግዛት ከቆረጣችሁ የምትፈልጉት ይሄ ነው፦ የ2021 ማክቡክ ፕሮ 14 ኢንች፣ ኤም1 ፕሮ። መነሻው ራሱ 16 ጊጋ ራምና 512 ስቶሬጅ ነው፣ ፋን አለው፣ ኤችዲኤምአይ አለው። ያገለገለ ኤም1 ኤር ርካሽ ነው፣ ያጓጓል፣ ግን ገበያ ላይ ያለው በብዛት 8 ጊጋ ነው፣ ለዊንዶውስ 4 ሰጥታችሁ ሪቪት እስኪከፈት ሰላት ሰግዳችሁ ትመለሳላችሁ። አፕል ኤሮችን ከ16 ጊጋ ያስጀመረው በ2024 ኦክቶበር ነው፣ ከዛ በፊት የተሸጠ ኤር ሲያሳዩዋችሁ መጀመሪያ ራሙን እዩ። "ራሙን እንጨምርልሃለን" የሚል ሰው ካለ ተነስታችሁ ውጡ፣ ቺፑ ላይ የተሰራ ነው፣ አይጨመርም። ኤም4 ኤር በ2025 ሲወጣ አሜሪካ 256 ስቶሬጅ ያለው 999 ዶላር ነበር፣ 150 ሺህ ገደማ፣ 512ቱ 1,199፣ 180 ሺህ፣ መንገዱና ቀረጡ ሳይገባ። 256ቱን አትግዙ፣ ዊንዶውስ 11 ብቻውን 64 ጊጋ ይጠይቃል፣ ሪቪትና ፋሚሊዎቹ (የበር፣ የመስኮት፣ የዕቃ ፋይሎቹ) ሲጨመሩ ለፕሮጀክት ቦታ አይተርፍም።

ያገለገለ ማክ ስትገዙ ከምንም በላይ የምፈራው የድርጅት ማክ ነው። ውጭ ያለ መስሪያ ቤት ያስመዘገበው ላፕቶፕ ገበያ ይገባል፣ ሱቅ ውስጥ በማታለያ ከፍተውት በደንብ ይሰራል፣ ቤት ወስዳችሁ አንድ ቀን ፎርማት ስታደርጉ "ሪሞት ማኔጅመንት" የሚል ስክሪን ይመጣና የማታውቁት ድርጅት ፓስዎርድ ይጠይቃችኋል። መድሃኒቱ አንድ ነው፣ ብር ሳትሰጡ ሻጩ ፊት ሙሉ በሙሉ ይጥረግ፣ ከዋይፋይ ጋር ይገናኝ፣ እስከ ዴስክቶፕ ይድረስ። የሌላ ሰው አፕል አካውንት ከጠየቀም ያው ነው። "ኔትወርክ የለም፣ ነገ" የሚል ሻጭ ካለ በስልካችሁ ሆትስፖት አብሩለት። የባትሪውን ሳይክልም (ስንት ጊዜ ተሞልቶ እንዳለቀ) እዩ፣ አፕል ለነዚህ እስከ 1,000 ነው የሚለው። ቻርጀር ላይ ደግሞ አርማውን እያያችሁ አትመኑ፣ ክብደቱ ላባ ከሆነና ሲሞላ እጅ የሚያቃጥል ከሆነ ኮፒ ነው።

ከጫናችሁ በኋላ አንድ ነገር ብቻ አስተካክሉ። ፓራለልስ የማኩን ዴስክቶፕና ዶክመንት ፎልደር ከዊንዶውሱ ጋር ያጋራል፣ ሪቪት ያንን እንደ ኔትወርክ ድራይቭ ነው የሚያየው፣ ሴቭ ይዘገያል፣ የሊንክ ፋይሎች መንገድ ይጠፋል። ማጋራቱን አጥፉና ፕሮጀክቱን ሲ ድራይቭ ላይ አድርጉ። ግን ሙሉ ዊንዶውሱ ማኩ ላይ የሚቀመጠው እንደ አንድ ትልቅ ፋይል ነው፣ ያ ፋይል ከተበላሸ ሁሉም ሄደ፣ ስለዚ ማታ ማታ ፕሮጀክቱን ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ላይ ገልብጡ። የስቲከር መቁረጫ፣ የድሮ ፕሎተር ወይ ዶንግል (የላይሰንስ ዩኤስቢ) ያላችሁ ደግሞ ድራይቨሩ ለአርም ካልተሰራ አይሰራም፣ ዊንዶውሱ ፕሮግራም ይተረጉማል እንጂ ድራይቨር አይተረጉምም። ለህትመት ፒዲኤፍ አውጥታችሁ ከማኩ በኩል ላኩት።

ብር ከማውጣታችሁ በፊት ደግሞ ፓራለልስ የ14 ቀን ነጻ ሙከራ አለው። ኤም ማክ ያለው ጓደኛ ፈልጉና ትልቁን ፕሮጀክታችሁን ክፈቱበት፣ ቪላውን ሳይሆን ያን ስትራክቸሩና ሳኒተሪው የተሊንከበትን ጂ ፕላስ 4። 16 ጊጋው ላይ ካንገራገረ 24 ፈልጉ፣ እሱም ብሩ ከከበዳችሁ ወርክስቴሽኑን ውሰዱና ደህና ዩፒኤስ ጨምሩበት።