ምጣድ ልግዛ ወይስ እንጀራ?

ልደታና ፒያሳ አካባቢ ቤት የተከራዩ ጓደኞቼ በየተራ የሚጠይቁኝ ይህንኑ ነው። ብቻችሁን ወይም ሁለት ሆናችሁ የምትኖሩ ከሆነ፣ እንጀራውን ግዙ።

«መግዛት ያከስራል» ለሚል ሰው ሒሳቡን እንሥራ። ዋጋ በየሳምንቱ ይዘላልና የየራሳችሁን ቁጥር ተኩበት። የሰፈር ጋጋሪ አንዱን በ25 ብር ብትሸጥ 30 እንጀራ 750 ብር ነው። ቤት ሲጋገር 5 ኪሎ ጤፍ ከነማስፈጫው በኪሎ 130 ቢገባ 650፣ መብራቱ 35 እንበል፣ ድምሩ 685። ትርፉ 65 ብር! ሊጡ የሚቦካበትን ቀን አልቆጥርም፣ ራሱ ነው የሚሠራው። አብሲት መጣሉ፣ መጋገሩና ማጽዳቱ ግን ሦስት ሰዓት ይበላል። ስለዚህ ለራሳችሁ የምትከፍሉት በሰዓት 22 ብር እንኳ አይሞላም። በዚያ ሰዓት ሌላ ሥራ ብትሠሩስ? ብትተኙስ? ኢኮኖሚስቶች ኦፖርቹኒቲ ኮስት የሚሉት ይህን የቀረባችሁን ነገር ነው፤ ደረሰኝ ስለማይቆረጥለት ማንም አያስበው። «የምትጋግረው ሠራተኛዋ ናት» የሚሉም አሉ። የእሷ ሰዓት በነጻ ነው ያለው ማነው?

ምጣዱ 4,500 ብር ቢሆን፣ በ65 ብር ትርፍ ሰባ ጊዜ ያህል ካልተጋገረበት ዋጋውን አይመልስም። በሳምንት አንዴ ለሚጋግር ከዓመት በላይ ነው፣ ያውም ሽቦው ካልተቃጠለ። ርካሹ ግን ይቃጠላል። ጎረቤቴ በቅናሽ የገዛችው ምጣድ ቀጭን ሽቦ ነበረው፤ ደጋግማ አስቀየረች። ጠጋኙ የከተተላት ደግሞ መሐሉን ያሳርራል፣ ዳሩ ላይ እንጀራው ዓይን አያወጣም። የመብራት ታሪፉም ፍጆታ ሲጨምር በእርከን ይወደዳል፤ ምጣድ ደግሞ ሲበራ ከሦስት ኪሎዋት በላይ ይስባል።

«እኔ እኮ ከጋጋሪዋ የተሻለ እጋግራለሁ» ትሉኛላችሁ። ይሁን። እንግሊዛዊው ኢኮኖሚስት ዴቪድ ሪካርዶ እ.ኤ.አ. በ1817 ባወጣው ምሳሌ ፖርቱጋል ለወይን የ80 ሰው፣ ለጨርቅ የ90 ሰው የዓመት ጉልበት ይበቃታል፤ እንግሊዝ 120 እና 100 ያስፈልጋታል። ፖርቱጋል በሁለቱም ትበልጣለች፣ ግን በወይኑ የምትበልጠው ይበዛል። ስለዚህ ወይኑን ሠርታ ጨርቁን ብትገዛ ታተርፋለች። እናንተም አብልጣችሁ የምትችሉትን ሥራ ሥሩና እንጀራውን ግዙ። ጋጋሪዋ ምጣዷን አንዴ አግላ ስንቱን ታወጣበታለች፤ እናንተ ለሠላሳ ብቻ ታግላላችሁ።

ምጣዱን አስቀድማችሁ ገዝታችሁ ከሆነ፣ «ብሬን አውጥቼበታለሁ፣ ይሥራ እንጂ» አትበሉ። ያ ብር ሄዷል። የሚቆጠረው የዛሬው ሦስት ሰዓት ነው።

ሰፊ ቤተሰብና ድግስ ያለበት ቤት ግን ምጣድ ያዋጣዋል፤ በአንድ ማግላት ብዙ ይወጣልና።

የተገዛ እንጀራ ትልቁ ችግር ቅልቅሉ ነው። ሱቅ የሚቀመጠውን እተዋለሁ፣ ከማን እጅ እንደወጣ አይታወቅም። ጋጋሪ ስትይዙ መጀመሪያ ሁለት ብቻ ገዝታችሁ አሳድሩት፤ በማግስቱ ስትጠቀልሉት የሚሰነጣጠቅ ከሆነ ሩዝ በዝቶበታል። ደንበኛ ከሆናችሁ በኋላም አምስት አምስት ውሰዱ። ሠላሳውን አንዴ የወሰደ ሰው ሐሙስ ላይ ፍርፍር ብቻ ነው የሚበላው።

የለም፣ ምጣድ እገዛለሁ ያለ ሰው ሻጩ ፊት ያሰካውና ሲግል እፍኝ ውኃ ይርጭበት። አንዱ ጎን ቶሎ፣ ሌላው ዘግይቶ ከደረቀ ጥሎት ይሂድ፤ መለዋወጫ ሽቦ ከየት እንደሚገኝም እዚያው ይጠይቅ።