የሰብአዊ መብት ሥልጠናው፦ ጠዋት ሙግት፣ ከሰዓት በኋላ እንቅልፍ

ደብረ ብርሃን ላይ ለዜግነት ትምህርት መምህራን የተሰጠውን የሰብአዊ መብት ሥልጠና ተካፍዬ ወደ መንዝ ተመልሻለሁ። ምሳው ደህና ነበር፤ አበሉም አልዘገየም። አዳራሹ ግን ለብርድ ባዳ ያልሆንኩትን እኔን እንኳ ጋቢ አስናፍቆኛል።

የጠዋቱን ክፍለ ጊዜ ማንም መምህር ቢያገኘው እወዳለሁ። አሠልጣኟ ሰሌዳው ላይ «መብትን የሚሰጥ ማን ነው?» ብለው ጻፉና ዝም አሉ። አንዱ «ሕገ መንግሥቱ» አለ። «ታዲያ ከ1987 ዓ.ም. በፊት የኖረ ሰው መብት አልነበረውም?» ሌላው «ፈጣሪ» ሲል፣ «የማያምነውስ?» አሉት። መብት ከመንግሥት በፊት በተፈጥሮ ያለ ነው የሚለው እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ሎክም፣ ሰውን እንደ መሣሪያ ብቻ መጠቀም ነውር ነው የሚለው ጀርመናዊው ፈላስፋ ካንትም የገቡት ከዚህ በኋላ ነው፤ እኛው ስንጨቃጨቅ ቆይተን ስለ ነበር ሐሳባቸው ባዳ አልሆነብንም።

አንድ አንጋፋ መምህር ደግሞ የድሮውን ሙግት አነሡ። «በሕግ አምላክ!» የተባለ ሰው ይቆማል፤ ከባላጋራው ጋር ልብስ ለልብስ ተቋጥሮ ወደ ዳኛ ይሄዳል፤ ፖሊስ የለም። ያቆመው ሕጉ ነው፣ አምላኩ ነው ወይስ የተመልካቹ ዓይን? ሻያችን እስኪቀዘቅዝ ተከራከርን። አሠልጣኟ መልሱን አልሰጡም፤ ያስወደደኝም ይኸው ነው። ጥያቄውን አሁን ክፍል ውስጥ እጠቀምበታለሁ፤ ከኋላ ወንበር የማይናገሩት ሁሉ እጃቸውን ያወጣሉ።

ከሰዓት በኋላ ሌላ አሠልጣኝ መጡና «ተማሪን አሳትፉ» የሚለውን ጽሑፍ ከግድግዳው ላይ እያነበቡ፣ እኛን አንድም ጥያቄ ሳይጠይቁ ጨረሱ። የተባበሩት መንግሥታት በ2011 እ.ኤ.አ. ያወጣው መግለጫ የሰብአዊ መብት ትምህርትን ስለ መብት፣ በመብት እና ለመብት ብሎ በሦስት ይከፍለዋል። አስቸጋሪው መካከለኛው ነው፦ የአስተማሪውንም የተማሪውንም መብት ጠብቆ ማስተማር። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ሕፃን በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነጻ ነው ይላል። አንዲት መምህርት ተነሥታ «ክፍሉ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ያለ አርጩሜ እንዴት ጸጥ ይላል?» ብትል፣ አሠልጣኙ «ጊዜ የለንም፣ እንለፈው» አሉ። መጥተን የነበረው ለዚያ ጥያቄ አልነበረም እንዴ?

የታደለን ወረቀት የ1948 እ.ኤ.አ.ን ዓለም አቀፍ የሰብአዊ መብቶች መግለጫ 30 አንቀጾች የያዘ ነው፤ ቀለሙ ስለ ደበዘዘ አንዳንዱ ገጽ አይነበብም። ሁለተኛ ዙር ካለ እሄዳለሁ፤ የአርጩሜውን ጉዳይ ግን ለጠዋቷ አሠልጣኝ ይስጧቸው።