ድብቅ ኤሌክትሮኒክስ የሚፈልግ ራዳር፦ 900 ሜጋኸርዝ ወይስ 2.4 ጊጋኸርዝ?

የስብሰባ አዳራሽ፣ የእንግዳ ክፍል ወይም የፈተና ክፍል ከድብቅ መቅረጫና ከተሸሸገ ስልክ ነጻ መሆኑን ማረጋገጥ የሚፈልጉ ወዳጆቼ፣ ደሴ ፒያሳ ወዳለው የጥገና ቤቴ ጎራ ባሉ ቁጥር የትኛውን መሣሪያ እንደሚገዙ ይጠይቁኛል። በቅርቡ ደግሞ አንድ የኮምቦልቻ መጋዘን ኃላፊ በብዙ ገንዘብ ያስመጣውን ያገለገለ መሣሪያ ተበላሽቷል ብሎ ይዞልኝ ስለመጣ፣ መልሴን በጽሑፍ ማስቀመጡ ይሻላል ብያለሁ። ገንዘቡ ካላችሁ ከባለ 900 ሜጋኸርዙ ራዳር ይልቅ ባለ 2.4 ጊጋኸርዙን ግዙ፤ ቁጥሩ መሣሪያው የሚልከው የሬዲዮ ሞገድ ድግግሞሽ ነው።

በጥቂት ሺህ ብር የሚሸጠው "የካሜራ መፈለጊያ" ከዚህ ውድድር ውጭ ነው። እርሱ የሚሰማው የሚያሰራጭ ዕቃን ብቻ ስለሆነ፣ የተዘጋ ስልክ ወይም ድምፅን በሚሞሪ ካርድ ላይ የሚያስቀር መቅረጫ አጠገቡ ቢቀመጥም ድምፁን አያሰማም። እውነተኛው መሣሪያ ግን ራሱ ሞገድ ይልካል፤ ሞገዱ በኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ውስጥ ያሉት ዳዮድና ትራንዚስተር የተባሉ ጥቃቅን ክፍሎች ላይ ሲያርፍ፣ ዕቃው ባይበራም እንኳ፣ ከፊሉ በእጥፍ ድግግሞሽ ማለትም በሁለተኛ ሃርሞኒክ ይመለሳል። ዋጋው ግን ሌላ ዓለም ነው፤ ከ10 ሺህ ዶላር በላይ የሚጠየቅባቸው ብዙዎች ናቸው፤ አንድ ዶላር ከ100 ብር በላይ በሆነበት ጊዜ ደግሞ ይህ ከአንድ ሚሊዮን ብር ያልፋል፣ ያውም ቀረጥና ማጓጓዣ ሳይታሰብ። ሰው በርካሽ የተገኘ አሮጌ ባለ 900 ሜጋኸርዝ ሲያይ ዓይኑ የሚቀላውጠው ለዚህ ነው።

የመጋዘኑ ኃላፊ መሣሪያ ግን አልተበላሸም ነበር። የተሠራው በአሜሪካ ለነጻ አገልግሎት በተተወው ከ902 እስከ 928 ሜጋኸርዝ ባለው ክልል ነው፤ በእኛ በኩል ግን ከ880 እስከ 915 ሜጋኸርዝ ያለው ስልኮች ወደ ኔትወርክ ማማው የሚልኩበት መስመር ስለሆነ፣ መሣሪያው በተከፈተ ቁጥር የሰው ስልክ ሊያውክ ይችላል። ይባስ ብሎ እጥፉ ከ1804 እስከ 1856 ሜጋኸርዝ ላይ ይወድቃል፤ ይህም ማማው ወደ ስልኮች ከሚልክበት ከ1805 እስከ 1880 ሜጋኸርዝ ካለው መስመር ጋር ይደራረባል። መሣሪያውን በረንዳ ላይ አውጥተን ፊቱን ወደ ማማው ስናዞረው ጠቋሚው እስከ ጫፍ ሞላ፤ ጀርባውን ሲሰጠው ወረደ። ከተማ ውስጥ እንዲህ የሚጮህ መሣሪያ የተደበቀውን ከማማው አይለይም። በሌላ በኩል የ2.4 ጊጋኸርዝ እጥፍ 4.8 አካባቢ ነው፤ ዋይፋይ 2.4 እና ከ5.15 በላይ ላይ ስለሚሠራ መሃሉ ይበልጥ ጸጥ ያለ ነው።

የዕቃው መጠንም ለከፍተኛው ድግግሞሽ ያደላል። የ900 ሜጋኸርዝ ሞገድ ርዝመት 33 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ የ2.4 ጊጋኸርዝ ደግሞ 12.5 ሴንቲ ሜትር ነው፤ 15 በ11 ሚሊ ሜትር የሆነች ሚሞሪ ካርድ ረጅሙን ሞገድ በደንብ አትይዝም። ስለዚህ ሻጭ መሣሪያው እንደሚሠራ እግሩ (የብረት ሽቦው) ባልተቆረጠ ዳዮድ ሲያሳያችሁ አትደነቁ፤ ረጅሙ እግር አንቴና ሆኖለታል። እግሩን ቆርጣችሁ እንደገና ይሞክር በሉት።

ባለ 900ው የሚበልጥበት ቦታ አለ፤ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ፣ እርጥብ ኮንክሪትና አፈር ውስጥ ጠለቅ ብሎ ይገባል። ነገር ግን ለዚህ ሲባል ተጨማሪ ኃይል ለመግዛት ዋጋ መጨመር አያዋጣም፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የሚመለሰው ሁለተኛ ሃርሞኒክ 64 ጊዜ ስለሚቀንስ፣ ርቀትን በእጥፍ ለማሳደግ ኃይሉ 8 እጥፍ መሆን አለበት። ግድግዳውን ተጠግቶ ቀስ ብሎ መፈተሽ ይረክሳል።

ኮምቦልቻ ላይ ሌላ ችግር የዛገ ቆርቆሮ ነው። የዛገ የብረት መጋጠሚያ ሦስተኛውን ሃርሞኒክ፣ ማለትም የሦስት እጥፉን ድግግሞሽ፣ አጉልቶ ይመልሳል፤ ስለዚህ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ጎን ለጎን የማያሳይ መሣሪያ፣ ድግግሞሹ ምንም ይሁን ምን፣ አትግዙ። ተጠራጥራችሁ ግድግዳውን በቡጢ ስትመቱት ዝገቱ ምልክቱን ያወዛውዘዋል፤ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ግን ባለበት ይጸናል።

አስመስሎ የተሠራ ኮፒ መሣሪያ የሚታወቀው የራሱን እጥፍ ድግግሞሽ የሚያግደው ማጣሪያ ደካማ ሲሆን ነው፤ የራሱ እጥፍ ስለሚያመልጥ ባዶ ሜዳ ላይ፣ ማማ በሌለበት፣ ወደ ሰማይ ሲያዩበትም ይጮኻል። ይህን እዚህ የሚያስተካክል የለም፤ እኔ ባትሪውንና የቻርጅ መሰኪያውን እቀይራለሁ እንጂ የማይክሮዌቭ ክፍሉን አልነካም። ከመክፈላችሁ በፊት የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የዓይነት ማረጋገጫ (ለመሣሪያው ዓይነት የሚሰጥ ፈቃድ) ጉዳይን ጨርሱ፤ ጉምሩክ ላይ የቆመ መሣሪያ የመጋዘን ኪራይ ይቆጥራል። ትርፍ ባትሪም ከዋናው ዕቃ ጋር አብሮ ይምጣ፤ ሊቲየም ባትሪ ብቻውን በአውሮፕላን ማስላክ ሌላ ጣጣ ነው።