ዲማ ላይ ጡሩምባ የነፋብን አውቶብስ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ። በእኔ ሙያ ቅዳሜ ሱቅ መዝጋት ከሙሽራ ጋር መጣላት ነው። እናቴ ግን «መርጡለ ማርያምን ሳልሳለም ብሞት በአንች ነው» ማለት ከጀመረች ቆይታለች። ስለዚህ አንድ የጉዞ ማኅበር «ሦስት ደብር በሁለት ቀን፣ ከታሪክ ማብራሪያ ጋር» የሚል ማስታወቂያ ሲለጥፍ ሁለት ትኬት ቆረጥኩ። ለአንድ ሰው 1,600 ብር፤ መጓጓዣ፣ ማደሪያና አንድ ራት ጨምሮ። ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ወርቅ ማርያም፣ መርጡለ ማርያም። የማኅበሩን ስም አልጠራም። ልጆቹ ክፉ አይደሉም፤ ደግሞም ከተማችን ትንሽ ናት።

መነሻው ሌሊት 11 ሰዓት ተባለ። ስንነሣ 1 ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረውም። ይህንን እንደ ጥፋት አልቆጥረውም፤ ለምደነዋል። አውቶብሱ ደህና ነው፤ ጉልበት ማሳረፊያ አለው፤ ረዳቱም እናቴን በክንዱ ደግፎ ነው ያስገባት። ያስመረረኝ ድምፅ ማጉያው ነው። ከማርቆስ ደጀን፣ ከደጀን ቢቸና መዝሙሩ አላባራም። መዝሙር ጠልቼ አይደለም። በስተግራ ጮቄ ጉሙን ተከናንቦ ቆሟል፣ ግራ ቀኙ ጤፍ ነው፤ ሰው ሀገሩን እያየ ዝም ብሎ መሄድም ያምረዋል።

የታሪክ ማብራሪያውን የሚሰጠው አንድ ወጣት ነበር። ማይኩን ይዞ ከስልኩ ያነባል። ቢቸና ልንደርስ ስንል «መርጡለ ማርያምን ያሠራችው መስቀሉን ያስቆፈረችው ንግሥት እሌኒ ናት» አለ። እናቴና ጓደኞቿ እልልታውን አቀለጡት። እኔም አጨበጨብኩ። ነገሩ ትንሽ ከንክኖኛል፤ ግን በዚያ ሁሉ እልልታ መሀል ማን ይናገራል?

ዲማ የደረስነው ረፋድ ላይ ነው። ዲማ ለጎጃም ሰው ቅኔ ነው። ሀዲስ ዓለማየሁ ከደብረ ኤልያስና ከደብረ ወርቅ ሌላ እዚህም ተምረዋል። ይህን እንኳ አስጎብኛችን አላነሣውም። ተሳልመን እንደወጣን እናቴ ቆሎዋን ይዛ ወደ ተማሪዎቹ ጎጆ አቀናች፤ እኔም ተከተልኳት። ደበሎ የለበሰ፣ አኮፋዳ ያንጠለጠለ ልጅ አገኘን። ዐሥራ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። ቆሎውን ተቀብሎ አመሰገነና፣ «እማማ፣ ዛሬ የተቀኘሁትን ልንገርዎት?» አላት።

ጉባኤ ቃና ነበር፤ ባለሁለት ቤቷ አጭሯ ቅኔ። በግእዝ አለው፤ አልገባንም። ከዚያ ሰሙን በአማርኛ ፈታልን። አንድ ገበሬ አለ፤ በሬው እርፍ እንደተያዘ ጥሎት ሄዷል፤ ገበሬው ግን እርሻውን አልተወም። እናቴ «ውይ! ማን አረሰለት ታዲያ?» አለች፤ የምር አዝናለች። ልጁ ሳቀ። «ወርቁ እኮ እሱ ነው እማማ። በሬው...» ሲል አውቶብሱ ጡሩምባውን ለቀቀው። አንዴ አይደለም፤ ሦስቴ፣ አራቴ። ረዳቱ ከሩቅ «ዲማ ያላችሁ ግቡ! ግቡ!» እያለ ይጮሃል። የልጁ አፍ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ የሚለው ግን አይሰማኝም። እናቴን እጇን ይዤ ሮጥን።

ለዲማ የተመደበው አንድ ሰዓት ኖሯል። ያንንም ግማሹን የበላው የፎቶ ሰልፍ ነው።

ደብረ ወርቅን ባጭሩ ልለፈው፤ እኛም ባጭሩ ነው ያለፍነው። ቅዱስ ሉቃስ እንደሣላት የሚታመንባት የእመቤታችን ሥዕል ያለችው እዚህ ነው። ተራራው ላይ ወጥተን፣ ደጁን ስመን፣ ወረድን። አንድ የደብሩ አባት ሊያስረዱን ቆመው ነበር፤ አስጎብኛችን ግን ማይኩን ይዞ እሳቸው አጠገብ ሆኖ ከስልኩ ያነባል። እሳቸውም በትሕትና ያዳምጡታል። አፈርኩ።

ማደሪያ የተባለው መርጡለ ማርያም ያለ አዳራሽ ነው። መሬት ላይ ሰሌን ተነጥፏል። እናቴ እንደ ሕፃን ተኛች። እኔን ቁንጫ ሲጫወትብኝ አደረ። ማስታወቂያው ላይ «ብርድ ልብስ ይያዙ» የምትል አንድ መስመር ምን ነበረበት? ራቱ ግን፣ እግዜር ይስጣቸው፣ የሰበካው ሴቶች የሠሩት ሽሮ ነበር፤ እንጀራው ከምጣድ እንደወረደ። ከሁለቱ ቀን ምግብ ሁሉ እሱ ይበልጣል።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነው ብሬ ዋጋ ያገኘው። ድምፅ ማጉያው ባትሪ ጨረሰ። አንድ አዛውንት መሪጌታ በትራቸውን ተደግፈው ወደ ጥንቱ ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ ወሰዱን። ልብስ ሰፊ ነኝ ብያለሁ። ግድግዳው ላይ የተፈለፈለውን አበባና ሐረግ ሳይ ክፉኛ ነው የደነገጥኩት። ጥልፍ ነው፤ ድንጋይ ላይ የተጠለፈ። ሜትሬን ከቦርሳዬ አውጥቼ አንዷን አበባ ለካሁ። መሪጌታ አይተውኝ «ጎሽ፣ ሸማ ልታለብሽው ነው?» አሉኝ።

ታሪኩን ቆመው ነገሩን። ጥንት፣ በአብርሃና አጽብሓ ዘመን ተተከለ ይባላል። እንደ አዲስ ያሠራችው እሌኒ ናት። «መስቀሉን ያስቆፈረችው አይደለችም» አሉ። «ያችኛዪቱ የቆስጠንጢኖስ እናት ናት። የእኛዪቱ የሐድያ ገዢ ልጅ፣ የልብነ ድንግል ሞግዚት ሆና ሀገር ያስተዳደረች፣ ለፖርቱጋል ንጉሥ መልእክተኛ የላከች።» ከዚያ በግራኝ ጦርነት ተቃጠለ። በሱስንዮስ ጊዜ ኢየሱሳውያን የሚባሉት የካቶሊክ ሚስዮናውያን መልሰው ሠሩት። ፋሲለደስ ሲነግሥ እነሱም ከሀገር ወጡ፤ ድንጋዩ ቀረ። ይህን ሁሉ በጣታቸው እያሳዩ ነው የነገሩን፤ ይህ የነደደበት፣ ያ እነሱ የሠሩት እያሉ። አንድ ሰዓት ሙሉ ማንም ስልኩን አላየም።

አስጎብኛችን ማጅራቱን ሲያክ አየሁት። ግን ላመስግነው፤ ደብተር ተውሶ ጻፈ። ስንመለስ አውቶብስ ውስጥ ተነሥቶ፣ ያለ ማይክ፣ «ትናንት ያልኳችሁ ስሕተት ነው» አለ። እናቴ እልል አለችለት፤ በዚህኛውም።

እና ይሄዳል ወይ ለምትሉኝ፣ አዎ ይሄዳል። ግን ወይ ሦስት ቀን ያድርጉት፣ ወይ ሁለት ደብር። ማብራሪያውን ለደብሩ ሰው ይተዉት። ሌላም አለ፤ ከ1,600 ብራችን ለአጥቢያዎቹ ስንት እንደሚደርስ አንዱን አስተባባሪ ጠይቄው ነበር። «እነሱ ሙዳየ ምጽዋት አላቸው» አለኝ። ሽሮውን የሠሩት ሴቶችስ? መልስ አላገኘሁም።

የለካኋትን አበባ አንድ የሐበሻ ቀሚስ ጠርዝ ላይ ጠልፌያታለሁ፤ ሙሽራዋም ታረቀችኝ። የዲማው ልጅ ነገር ግን አልወጣልኝም። ባለፈው ሳምንት ካባ ሊያሳጥሩ የመጡ አንድ ቅኔ አዋቂ ደንበኛዬን ስለ ገበሬውና ስለ በሬው ነግሬ ወርቁን ጠየቅኳቸው።

«ግእዙን ንገሪኛ» አሉ።

አልያዝኩትም።

«እህ! ታዲያ አንች፣ ቅኔው ሳይኖር ወርቁን ከየት ላምጣልሽ?» ብለው ካባቸውን ሰጡኝ።