መኪናዬን ከመፍታቱ በፊት ላዳመጣት መካኒክ

ይህን ሰው በአደባባይ ሳላመሰግን ብቀር ህሊናዬ አይፈቅድልኝም። አሮጌ መኪና ያላችሁ አንብቡልኝ።

መኪናዋ የአባቴ ነበረች። 24 ዓመት ሆኗታል። እሱ ካረፈ በኋላ እኔ ነኝ የምነዳት፣ መነጽሩ እስካሁን መሳቢያዋ ውስጥ አለ። ከሁለት ወር በፊት ሚኒሞ ላይ ስትሆን፣ ማለትም ነዳጅ ሳልሰጣት ሞተሯ ብቻ ሲሠራ፣ እንግዳ ድምፅ ማሰማት ጀመረች። እየሄደች ምንም አይሰማም። መብራት ይዞኝ ስቆም ግን ክርክርክር... ደግሞ ክርክር። ነዳጅ ስሰጣት ይጥፋ ወይ በሞተሩ ጩኸት ይዋጥ፣ መለየት አልቻልኩም።

የዞርኩባቸውን ጋራዦች ስም አልጠራም፣ ግን አንጀቴ አሯል። አንዱ ኮፈኑን እንኳ ሳይከፍት «ሞተሩ አልቆለታል፣ ይውረድ» አለኝ። ሌላው ዘይት ቀየረ፣ የሆነ ዕቃም ቀየረ፣ ድምፁ እንዳለ ነው። ተመልሼ ስሄድ «አሮጌ መኪና ይጮኻል፣ ምን ይደረግ» ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ። ሦስተኛው ሽጪያት አለኝ። ያን ቀን እዚያው መኪናዋ ውስጥ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። የአባቴን መኪና እንዴት አድርጌ ነው የምሸጠው?

ከዚያ ጎረቤቴ ይህን መካኒክ ጠቆመችኝ። መፍቻ ከማንሳቱ በፊት ጠየቀኝ። ጠዋት ስትነሳ ነው ወይስ ከሞቀች በኋላ? ኤሲ ሲከፈት ይብሳል? ማርሽ ስታስገቢስ? ድምፁን በአፌ አስመስዬ ሳሰማው አልሳቀብኝም። «እስቲ ድገሚልኝ» አለኝ። ይቺን ቃል መቼም አልረሳትም፣ ምክንያቱም እስከዚያ ቀን ድረስ የሰማኝ ሰው አልነበረም።

ረጅም ካቻቢቴ አመጣ። ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ ቦታ እየቀያየረ አዳመጠ። ሻሼን ከሚዞረው ነገር እንዳርቅ አስጠንቅቆ እኔንም አሰማኝ። አንዱ ጋ ደህና ነው፣ ሌላው ጋ አሸዋ የሚፈጭ ይመስላል። ከዚያ አጥፍቶ ቺንጋዋን፣ ሞተሩ የሚያዞረውን የጎማ ቀበቶ፣ አወለቀና ለጥቂት ሰከንድ ብቻ አስነሳት። ጸጥ!

«ሞተሩ ጤነኛ ነው እህቴ፣ አይነካም» አለኝ። ጥፋቱ ቺንጋዋን የሚወጥረው ፑሌጃ (ተሽከርካሪው መዘውር) ኩሽኔታ ነው፣ ፑሌጃው ያለችግር እንዲዞር የሚያደርገው ዕቃ። የቀረውን ማብራሪያ አልያዝኩትም። አሮጌዋን ፑሌጃ ፈትቶ መዳፌ ላይ አስቀመጠና በጣቱ አዞራት፤ ያ ሁለት ወር ያስጨነቀኝ ክርክር እጄን ነዘረኝ።

ሞተሩን አውርዶ ቢሆን እኔ ምን አውቄ? እሺ ነበር የምለው። አላደረገውም። ታማኝ ነው፣ ትዕግሥተኛ ነው፣ ሥራውን ያውቃል። እባካችሁ ሞተር ይውረድ ሲሏችሁ እሺ ከማለታችሁ በፊት መጀመሪያ እሱ ጋ ውሰዷት። ድምፁ ጠዋት ነው ማታ፣ ቆማ ነው እየሄደች፣ ልብ ብላችሁ ሂዱ፣ ይጠይቃችኋል።

ዛሬ መብራት ላይ ሬዲዮኑን ዘግቼ አዳመጥኩ። ምንም የለም። እጅህ ይባረክ ወንድሜ፣ የአባቴን መኪና አተረፍክልኝ። ቁጥሩን የምትፈልጉ በውስጥ ጻፉልኝ፣ ወዲያው እልካለሁ።